«ጄረንድ»፦ አንድ ስያሜ፣ ሁለት ቅርጽ

ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት የአማርኛ ሰዋስው «ሰብሮ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ «ጄረንድ» ተብሏል። ስያሜው በመስኩ የቆየ ቢሆንም እንግሊዝኛ ለሚማር አማርኛ ተናጋሪ አሳሳች ነው፤ የእንግሊዝኛው ጄረንድ በስምነት ስለሚያገለግል የሚቀርበው ለንዑስ አንቀጹ «መስበር» ነው። «ሂ ስቶፕድ ስሞኪንግ» ማለት «ማጨስ አቆመ» እንጂ «አጭሶ አቆመ» አይደለም። «ሂ ስቶፕድ ቱ ስሞክ» ደግሞ «ለማጨስ ቆመ» ነው። ልዩነቱን አማርኛ ራሱ በ«ለ»ና በግሱ ስለሚያሳይ እዚህ ላይ ሽምደዳ አያሻም። «ፊኒሽ» ጄረንድን፣ «ዋንት» ኢንፊኒቲቭን ሲያስከትሉ ግን አማርኛ «ማንበብ ጨረሰ»፣ «ማንበብ ፈለገ» ብሎ አንዱን ቅርጽ ለሁለቱም ይሰጣል። የግሶች ዝርዝር መጠናት ያለበት በዚህ ስፍራ ነው። ሁሉንም ግሶች በአንድ ሰንጠረዥ የሚያጭቅ መማሪያ መጽሐፍ ይህን ልዩነት ይሸፍናል። ቦዝ አንቀጽም በገዛ ስሙ ቢጠራ ይበጃል።