ጥናቱ ከባሕሩ ዳር ቀረ፣ ስደተኛው ግን ተሻገረ

ዛሬ በሰው አገር ታክሲ ብነዳም ቀደም ሲል ወሎ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ባብ ኤል መንደብን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ «ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የስሙም ትርጉም የእንባ በር ነው» እል ነበር። ተማሪዎቼም ለፈተና ያጠኑታል። ከእነርሱ አንዱ ከዓመታት በኋላ በእግሩ ተጉዞ ጅቡቲ፣ ኦቦክ ደረሰ። ከዚያ ለእናቱ ስልክ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። እናቱ ስልኬን አፈላልገው «መምህር፣ እርስዎ አገር አይተዋል፤ እስቲ ይጠይቁልኝ» አሉኝ።

እኔ የት እጠይቃለሁ? ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ስለዚያ መንገድ የተጻፉ ጥናቶችን ማንበብ ጀመርኩ። ይህ ሂስ የመጣው ከዚያ ንባብ ነው።

ጥናት ጠፍቶ አይደለም። የትብብር ስምም ሞልቷል። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት፣ ኦስሪያ፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ኢጋድ እ.ኤ.አ. በ2012 የአባል አገሮቹን የስደት ፖሊሲ ማዕቀፍ አጽድቋል። ከባሕሩ ማዶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የገልፍ አገሮችን የሥራ ገበያና ስደት የሚያጠና ፕሮግራም ተመሥርቷል። ነገር ግን ካርታውን ዘርግታችሁ ተመልከቱ። የኦስሪያና የኢጋድ ክልል ቀይ ባሕር ላይ ሲደርስ ያበቃል። የገልፉ ፕሮግራም የሚያጠናው ስድስቱን የገልፍ አገሮች ነው። ልጆቻችን በብዛት የሚታገቱባትና የሚሞቱባት የመን ከሁለቱም ወገን የለችበትም። የምሁራኑ «አካባቢ» የመንግሥታትን ድንበር ይከተላል፤ የስደተኛው አካባቢ መንገዱ ነው።

ውጤቱ ምንድን ነው? አንዱ ልጅ አራት ስም ያወጣል። ከወሎ ሲነሳ ወጪ፣ ኦቦክ ላይ አላፊ፣ የመን ላይ ገቢ፣ ከሳዑዲ ሲባረር ተመላሽ ይባላል። በየጣቢያው በሌላ መዝገብ፣ በሌላ መጠይቅ ይቆጠራል። አንዱን ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ መቁጠር ይቻላል። በመሐል የቀረውን ግን መዝገቦቹ ጎን ለጎን ካልተነበቡ ማን ያገኘዋል? እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች በባሕር የመን ገቡ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን መለሰች። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ይዞ የጎደለውን ማስላት አይቻልም።

መተባበር እንደሚቻል ያሳየ ሥራ መኖሩንም መመስከር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 ናይሮቢ ላይ የተቋቋመው የቅይጥ ስደት ጽሕፈት ቤት የአፍሪካን ቀንድና የመንን አንድ ላይ አድርጎ ያጠና ነበር። በ2012 በየመን ስላሉ ኢትዮጵያውያን ያወጣው ጥናት ስለ እገታውና ስለ ግርፋቱ በግልጽ ጽፏል። ይህ ጽሕፈት ቤት በ2018 ቅይጥ ስደት ማዕከል ከሚባለው ጋር ተዋሕዷል።

ሁለተኛው ነቀፌታዬ የገንዘቡን ምንጭ ይመለከታል። የአውሮፓ ኅብረት በኅዳር 2015 ማልታ ላይ ለአፍሪካ ልዩ ፈንድ አቋቋመ። ለአፍሪካ ቀንድ የተመደበውን የጥናት ሥራ የመራው አንድ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ነበር። አጥኚዎቹን አልወቅስም፤ መልካም ሥራ ሠርተዋል። ሆኖም ከፋዩ ጠያቂ ነው። አውሮፓ የምትጠይቀው ወደ እርሷ ስለሚያመራው የሰሜን መንገድ ነው፤ በምሥራቁ መንገድ የሚሄደው ሕዝብ ብዙ ሆኖ ሳለ ጠያቂው ያንሳል።

የዚህ ዋጋ በሳዑዲ ድንበር ታየ። የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ባለሙያዎች በጥቅምት 2022 በጻፉት ደብዳቤ በዚያው ዓመት አራት ወራት ውስጥ እስከ 430 ስደተኞች ተገደሉ የሚል ክስ ለሳዑዲ መንግሥት አቀረቡ። ሂዩማን ራይትስ ዎች 42 ሰዎችን አነጋግሮና የሳተላይት ፎቶ መርምሮ ዝርዝር ሪፖርቱን ያወጣው በነሐሴ 2023 ነው። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። በደብዳቤውና በሪፖርቱ መካከል አሥር ወር አለ፤ በዚያ ጊዜም ልጆች ወደዚያ ድንበር መሄዳቸውን አላቋረጡም። የአዲስ አበባ፣ የጅቡቲና የሰንዓ አጥኚዎች አንድ መጠይቅና አንድ መዝገብ ቢኖራቸው ኖሮ ወሬው ቀድሞ ወሎ በደረሰ ነበር።

ይደርስ ነበር ስል ግን ቋንቋውን አስቤ ነው። እነዚህን ጥናቶች ያነበብኳቸው በእንግሊዝኛ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የተጠየቀው ልጅ የመለሰውን መልስ መልሶ አይሰማውም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በዐረብኛ በሬዲዮ ያልተነገረ ጥናት ለእኛ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

እኛስ? አጥኚ መጠይቅ ይዞ ወደ ማኅበራችን ሲመጣ ፊታችንን እናዞራለን። እኔም አንድ ጊዜ «ሥራ አለብኝ» ብዬ ሸኝቻለሁ። እያንዳንዳችን ግን በዚያ መንገድ የጠፋ ዘመድ፣ የተከፈለ ቤዛ፣ የተቋረጠ የስልክ ጥሪ እናውቃለን። ዕድርና ማኅበር ያለን ሰዎች ይህንን በቀንና በቦታ ጽፈን ብንይዝ፣ በገንዘብም ጥቂት ብናዋጣ፣ የአገራችን ምሁራን የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ወደ የመን ባልደረቦቻቸው መጻፍ ይችላሉ።

ለዚያች እናት እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። የልጃቸውን ስም፣ የተነሳበትን ቀንና ከኦቦክ የደወለበትን ሰዓት ግን በደብተር ጽፌ ይዣለሁ። እናንተም ያላችሁን ጻፉ።