አውሬው አዳራሽ ውስጥ ነው

«በፍቅር እስከ መቃብር ሥልጣኔ ማለት ጉዱ ካሣ፣ አረመኔነት ደግሞ ያመፀው ባላገር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ጉድ! ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ልብ ወለድ አውሬውን ጫካ አላስቀመጡትም። ካባ ደርቦ፣ የዘር ሐረግ እየቆጠረ አዳራሽ ተቀምጧል፤ ፊታውራሪ መሸሻ ይባላል። ላስገብር ብሎ የዘመተው እሱ፣ ማርኮ ያልገደለው ባላገሩ። ታዲያ አረመኔው የቱ ነው?

ጉዱ ካሣ ሥርዓቱን በድንጋይ ካብ ይመስለዋል፤ የታችኛው ከተፈነቀለ የላይኛው ይናዳል። ይህን ስላለ «እብድ» አሉት። እንግዲህ ዋናው ምልክት ስሙ ራሱ ነው፤ ሰሚ እንዳያገኝ የተለጠፈበት።

ጉኑኖ ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ወላይታ ይህ እንግዳ አይደለም። በዚያን ዘመን ክርስቲያን ያልሆነው ሕዝብ «አረመኔ» ይባል ነበር። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ንጉሥ ጦናን ማርኮ፣ ሰዉን ፈጅቶ ከብቱን ሲነዳ ግን ዘማቹን «አረመኔ» ያለው የለም።

የምነቅፈው አንድ ነገር አለ። ጉዱ ካሣ ስብከት ያበዛል፤ ስብከቱ በረዘመ ቁጥር ምልክቱ ይደክማል። ደራሲው እዚያ ላይ ብዕራቸውን ሰብሰብ ቢያደርጉት ይሻል ነበር።