ፊደል ያልያዘው ድምፅ
(ስለ ቃል ጨዋታ አጻጻፍ የቀረበ ሒስ)

በ19ኛው ምዕት ዓመት የኖሩት የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው የታወቁ ሊቅ ናቸው። ጨዋታቸውም በልዩ ልዩ ጊዜ እየተሰበሰበ ታትሟል። ሆኖም በደብረ ታቦር አካባቢ ከሽማግሌ አፍ ሲሰማ ቤቱን ሁሉ የሚያስቀው ቀልድ፣ በመጽሐፍ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ቀዝቅዞ ይገኛል። ምክንያቱም ሰብሳቢዎቹ ቃሉን ሲጽፉ ድምፁን መተዋቸው ነው፤ «አሉ» ይሉናል እንጂ እንዴት ባለ ድምፅ እንዳሉ አይነግሩንም።

ጉድለቱ በሁለት ወገን ይታያል። አንደኛው የፊደላችን ነው፤ መጥበቅንና መላላትን አይለይም። «ዶሮው ይበላል» በሚለው ውስጥ «በ» ሲላላ ዶሮው እህል ይለቅማል፤ ሲጠብቅ ግን ዶሮው ራሱ ለወጥ ይሆናል። ኅብረ ቃል ያለበት ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው የጸሐፊው ነው። አንድ ገበሬ ከጎረቤቱ በሬ ለአንድ ቀን ቢለምን መልሱ «እሺ» ይሆናል። ቃሉ አጭርና ቁርጥ ያለ ከሆነ በሬው ነገ ይመጣል። ተጎትቶ ከወደቀ፣ ለማኙ ሌላ ደጅ መፈለግ አለበት። ከፍ ብሎ ከቀረ ደግሞ «ሌላስ?» ማለት ነው። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎን» ማለትም አለ፤ ለዚህማ ፊደል እንኳ የለውም። በሽምግልና ላይ የተነገረውን የሚመዘግብ ተማሪ «እሺ አለ» ብሎ ብቻ ቢያልፍ፣ ቅር ያለውን ሰው እንደ ወደደ አድርጎ ለትውልድ ያስተላልፋል።

ዛሬ መቅረጫ በየኪሱ አለ ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አንባቢ የሚያገኘው ገጹን እንጂ ቅጂውን አይደለም።

መድኃኒቱን ሩቅ አንፈልግ። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም በዚሁ በጋይንት ናት። የዜማ ምልክቶችን በ16ኛው ምዕት ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዝማች ጌራና አዝማች ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ይነገራል። ሊቃውንቱ ፊደል ብቻውን ድምፅን እንደማይሸከም ተረድተው ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ የመሳሰሉትን ከቃሉ በላይ አኖሩ።

ምልክቶቹ ለዜማ የተሠሩ ስለሆኑ እንዳሉ ወደ ተራ ንግግር ይዛወሩ አልልም። ስማቸው ግን ሊያገለግለን ይችላል። «በድፋት እሺ አለ»፣ «በቁርጥ እሺ አለ» ብሎ መጻፍ ከአንድ ቃል በላይ አያስጨምርም፤ በሬው መሰጠቱንና አለመሰጠቱን ግን ይለይልናል። የአለቃን ጨዋታ ወደፊት የሚሰበስብ ሰው ተራኪውን ሽማግሌ ሲሰማ፣ ከቃሉ ጎን ይህን አንድ ቃል ቢያክል ሥራው የተሟላ ይሆን ነበር።