ከመርፌው በኋላ ያለው ሰዓት

ግርሻ ትኩሳትን መለየት ብዙ አያስቸግርም። ከጣት የተወሰደች ጠብታ ደም ስላይድ ላይ ወፈር ተደርጋ ትቀባና በጊምሳ ትቀለማለች። ትኩሳቱ በተነሳበት ሰዓት የተወሰደች ከሆነ ጠመዝማዛው ቦረሊያ በማይክሮስኮፕ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሕክምናውም በወረቀት ላይ አጭር ነው፤ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም አንድ ጊዜ የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። መቀሌ በሚገኘው ዓይደር ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል የምንሠራ ሐኪሞች የምንፈተነው መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ነው።

በሽታውን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ስለሆነ ወደ እኛ የሚመጡት ሰዎች ኑሮ ይመሳሰላል። በክረምት ብርድ ቅያሪ ልብስ የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ የቆሎ ተማሪ፣ በረንዳ የሚያድር ልጅ ናቸው። በትግራዩ ጦርነት ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎች በመቀሌ ትምህርት ቤቶች በየክፍሉ ተጨናንቀው ከኖሩ ወዲህ፣ ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው «የት ነው የምታድረው?» ሳልል አላልፍም። የሸሚዙን ኮሌታና የሱሪውን ወገብ ገልብጬ ስፌቱን አያለሁ። ቅማሉም እንቁላሉም የሚገኙት እዚያ ነው። ሰው እንዳያፍር ይህን የማደርገው መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ነው።

አሁን ወደዚያ ሰዓት ልምጣ። መርፌው ከተወጋ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ታማሚው ድንገት ይበርደዋል። መጀመሪያ መንጋጋው ይንገጫገጫል፣ ከዚያ መላ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፤ የአልጋው ብረት ሲንቋቋ ከኮሪደሩ ይሰማል። ቴርሞሜትሩ 40ን አልፎ ወደ 41 ይወጣል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ አንዳንዱ ይቃዣል። ከዚያ ብርዱ ይለቀዋል፤ ፊቱ ይቀላል፣ ላብ ያጠምቀዋል። አስታማሚው «ተመስገን፣ ላበው» የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ይህንን ነው፤ የደም ግፊቱ የሚወርደው አሁን ነውና። ሰውየው ቀለል ስላለው ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ይነሳል፣ ቆሞ ሳለም ተዝለፍልፎ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ከአልጋ እንዳይወርድ እናደርጋለን።

ይህ ሁሉ የሚመጣው መድኃኒቱ መርዝ ሆኖ አይደለም። ጀርሙ በብዛት ሲሞት ስብ የተያያዘባቸው የሽፋኑ ፕሮቲኖች ደም ውስጥ ይለቀቃሉ። ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይህን ሲያገኙ መልእክቱ ከሴሉ ገጽ ተነስቶ እስከ ኒውክለስ ይደርስና ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለውን ዘረመል ያስነሳል። ዘረመሉ የሚገኘው በ6ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ ነው። ርዝመቱ 3,000 ያህል የዲ.ኤን.ኤ. ፊደላት ብቻ ስለሆነ ከሰው ዘረመሎች መካከል አጭር ከሚባሉት ወገን ነው። ከእርሱ የሚገኘው ፕሮቲን በመጀመሪያ በ233 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ሆኖ ሴሉ ገጽ ላይ ይሰካል። ከዚያ አንድ ኤንዛይም ቆርጦ 157ቱን ይለቅቃቸዋል፣ የተለቀቁትም ሦስት ሦስት ሆነው እየተጣመሩ በደም ይዘምታሉ። ሥራው ገጠር ሌሊት ላይ እንደሚሰማ ኡኡታ ነው፤ አንዱ ሴል ሲጮህ መንደሩ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ትኩሳቱን የሚያነሳው፣ የደም ሥሮችን አላልቶ ግፊቱን የሚያወርደው እርሱና እርሱ የሚቀሰቅሳቸው እንደ ኢንተርሉኪን 6 ያሉ መልእክተኞች ናቸው።

ስለዚህ ዘረመል ሳነብ ይበልጥ የሚገርመኝ ማቆሚያው ነው። ከዘረመሉ ተገልብጦ የሚወጣው አር.ኤን.ኤ. ቶሎ እንዲበሰብስ የሚያደርግ ምልክት ጫፉ ላይ ተጽፎበታል። ትእዛዙ ብዙ እንዲቆይ አልተሠራም። ተማሪዎቼ ይህንን እንዲይዙልኝ አጥብቄ የምነግራቸው ለአልጋው ዳር ሥራ ስለሚጠቅም ነው፤ ሰውየው እነዚያን ሰዓታት ከተሻገረ ይድናል። የእኛ ሙያ ማሻገር ነው።

እውቀቱ ከሩቅ የመጣ እንዳይመስል ደግሞ የአዲስ አበባውን ጥናት አነሳላቸዋለሁ። ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያሳተሙት ነው። ከበግ የተዘጋጀ፣ ቲ.ኤን.ኤፍ.ን የሚይዝ ፀረ አካል ከፔኒሲሊኑ በፊት ለ20 ታማሚዎች ሰጡ፤ 29ኙ ግን ይህን አላገኙም። ካላገኙት 26ቱ ተንቀጠቀጡ፣ ካገኙት ግን 10 ብቻ። የአንድን ዘረመል ምርት ደም ውስጥ ይዞ በማስቀረት እንዲህ ያለውን ቀውስ በሰው ላይ መከላከል እንደሚቻል ያሳዩት በቅማል የታመሙ ድሃ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ይህ በየሕክምና ትምህርት ቤታችን ጎልቶ ሊነገር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። እኔን ግን እነዚያ መድኃኒቱን አግኝተውም የተንቀጠቀጡት 10 ሰዎች ይበልጥ ያሳስቡኛል። ጩኸቱን የሚያሰማው አንድ ሴል ወይም አንድ ዘረመል ብቻ አለመሆኑን የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው።

ቲ.ኤን.ኤፍ.ን ይዞ የማስቀረት ሐሳብ በሌላው ዓለም ትልቅ ሕክምና ሆነ። ኢንፍሊክሲማብ የተባለው ፀረ ቲ.ኤን.ኤፍ. መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ክሮንስ ለተባለው የአንጀት ሕመም ተፈቀደ፣ ቀጥሎም ለመገጣጠሚያ ሪህ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ መድኃኒቱን ከወሰዱ ሰዎች መካከል 70 የቲቢ ሕሙማን ሪፖርት ተደረጉ። በሳንባ ውስጥ ተኝቶ የሚኖረውን የቲቢ ጀርም አጥሮ የሚይዘው ይኸው ቲ.ኤን.ኤፍ. ስለሆነ አጥሩ ሲላላ ጀርሙ ወጣ። ስለዚህ ከውጭ አገር ቤተሰብ ሊጠይቅ የመጣ ሰው እንዲህ ያለ መርፌ እንደሚወስድ ከነገረኝ ስለ ሳል፣ ስለ ሌሊት ላብና ስለ ክብደት መቀነስ ሳልጠይቅ፣ ደረቱን በራጅ ሳላይ አልሸኘውም። ቲቢ እንዲህ በተስፋፋበት አገር ይህን ዘረመል ዝም ማሰኘት ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ለግርሻ ትኩሳት ታማሚ ግን ፀረ አካል የለንም። ሀይድሮኮርቲሶንና ፓራሲታሞል ሙቀቱን ቢያበርዱም መንቀጥቀጡን አያስቀሩትም። ስለዚህ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ካኑላው ይገባል፣ ኖርማል ሳላይኑ ይሰቀላል፣ ብርድ ልብስ ይቀርባል፣ የግፊት መለኪያውም ከአልጋው ራስጌ አይነሳም። ነርሷ በየ15 ደቂቃው ትለካለች። ፈሳሽ ባጠረበት ጊዜ ያለችውን ከረጢት ለዚህ ሰዓት እናስቀምጥ ነበር።

ሌላው ዝግጅት ንግግር ነው። «አደይ፣ መርፌውን ከወጋነው በኋላ ልጅዎ በጣም ይንቀጠቀጣል፤ ይህ እንደሚመጣ እናውቃለን፣ እኛም ከአጠገቡ አንጠፋም፤ ሲያልበው ግን እንዳይነሳ ይያዙልኝ» እላለሁ፣ ወንበር ስቤ ቁጭ ብዬ። ቀድሞ ያልተነገራት እናት ልጇን መርፌው የገደለው ስለሚመስላት እጁን ጎትታ ልታወጣው ትችላለች። የተነገራት ግን ከማናችንም የተሻለች ጠባቂ ትሆናለች፤ ግፊቱ ሲወርድ እግሩ መቀዝቀዙን ቀድማ የምትነግረን እርሷ ናት።

በማግስቱ ትኩሳቱ ጠፍቶ ሾርባ ሲጠጣ ስለ ልብሱ እንነጋገራለን። የለበሰው ሁሉ በፈላ ውሃ መቀቀል አለበት፤ አብረውት የሚያድሩት ሰዎች ልብስም እንዲሁ። ቅያሪ ከሌለው ልብሱ እስኪደርቅ የሆስፒታሉን ፒጃማ ለብሶ ይቆያል፣ መውጫ ወረቀቱንም የምፈርመው ከዚያ በኋላ ነው።