ስድስቱ ሳምንታት

ከድሬዳዋው መጋላ ሰፈር የመጣ የሳንባ ካንሰር ታማሚ ፊቴ ሲቀመጥ፣ የመድኃኒቱን መጠን ከማስላቴ በፊት «አባባ፣ አዲስ አበባ ማን ዘንድ አረፉ?» እላለሁ። የምሠራበት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ስለነበር፣ ከድሬዳዋ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ ሰው ማረፊያው የሕክምናው አካል መሆኑን ቶሎ ተምረናል።

ካንሰሩ ከደረት ሳይወጣ፣ ግን በቀዶ ሕክምና ሊነሳ ከማይችልበት ሦስተኛ ደረጃ ሲደርስ ጨረርና ኬሞቴራፒን (ኬሞን) አብረን እንሰጣለን። ጨረሩ በቀን 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ)፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በስድስት ሳምንት 60 ግሬይ ነው። በእነዚያው ሳምንታት ሲስፕላቲን ከኢቶፖሳይድ ወይም ካርቦፕላቲን ከፓክሊታክሴል ጋር በደም ሥር ይገባል። ኬሞው በጨረር የቆሰለው የካንሰር ሕዋስ ጉዳቱን እንዳይጠግን ያግዳል፤ ሳይታይ ከደረት ውጭ የሾለከ ካለም ያሳድዳል። ለበዓል ወይም ለለቅሶ ተብሎ ሳምንት ከታጠፈ ግን የተረፈው ሕዋስ መልሶ ይራባል።

አብሮ መስጠት አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ከማስከተል እንደሚበልጥ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የብዙ ጥናቶች ጥምር ትንተና አሳይቷል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከመቶ ታማሚ 6 ያህል ተጨማሪ ሰው በሕይወት ይቆያል። የዚያኑ ያህል ዋጋ አለው፦ ከባድ የምግብ ቧንቧ ቁስለት ከ4 ወደ 18 በመቶ ያድጋል።

ሙያው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያቃጥላል። በርበሬ ይቅር፣ አጥሚትና ለስላሳ ገንፎ ይብላ እላለሁ። የግመል ወተት የለመደ ሰው አፍልቶ ይጠጣ፤ ነጭ የደም ሕዋስ ሲወርድ ያልፈላ ወተት አደገኛ ነው። በርጫውንም እንዲተው አጥብቄ እለምናለሁ፤ ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ክብደቱ የወረደ ሰው ደግሞ ስድስቱን ሳምንት አይዘልቅም።

ኩላሊቱ ለደከመ፣ አስታማሚ ለሌለው ኬሞውን አስቀድሜ ጨረሩን አስከትላለሁ። ይህን እንደ ሽንፈት የሚያዩ ባልደረቦች አሉ፤ እኔ አልስማማም። መሐል ላይ ከሚቋረጥ ጥምር ሕክምና ተጀምሮ የሚያልቅ ተከታታይ ሕክምና ይሻላል።

የሚያሳዝነኝ ብዙዎች ለዚህ ምርጫ እንኳ ሳይደርሱ መቅረታቸው ነው፤ ሳሉ የቲቢ ነው ተብሎ ወራት ያልፋሉ። የመጋላ ወገኔ፣ የቲቢ መድኃኒት ጀምረህ ሳሉ ካልተወህ፣ ክብደትህ ከቀነሰ ወይም አክታህ ደም ከቀላቀለ፣ የደረት ሲቲ ስካን እንዲታዘዝልህ ዛሬውኑ ጠይቅ።