ስድስት ስም፣ አንድ እጅ

«በቡድን ሆናችሁ ድርሰት ጻፉ» ሲባል ምን እንደሚሆን ከአየር ጤና እስከ አጠና ተራ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ት/ቤቶች የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። እጅ ጽሑፏ የሚያምረው ልጅ ትጽፋለች፤ አንዱ ወረቀት ያዋጣል፤ ሌላው ስለ ኳስ ያወጋል፤ የቀሩት ያያሉ። በመጨረሻ ስድስት ስም ከወረቀቱ ራስጌ ይሰፍርና ስድስቱም እኩል ማርክ ያገኛሉ። ድርሰቱ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

መምህሩን ለመውቀስ ግን አንቸኩል። ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው። መምህሩ አምስት ክፍል ቢያስተምርና ለእያንዳንዱ ድርሰት 10 ደቂቃ ቢሰጥ፣ አንዱን የቤት ሥራ ለማረም ከ33 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ክፍሉ 60 ከሆነ 50 ሰዓት ነው። እንግዲህ ተማሪ የተማሪን ጽሑፍ ያንብብ ማለት ስንፍና ሳይሆን መውጫ ቀዳዳ ነው። ጥያቄው፣ እንዴት ያንብብ? ነው።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት በየት/ቤቱ ገብቶ ነበር። ጎበዙ ደካሞቹን ይርዳ የሚለው ሐሳብ በራሱ ክፉ አልነበረም። ለጽሕፈት ሲሆን ግን መሪው ጽፎ አምስቱ የሚገለብጡበት በር ከፈተ። ያው አደረጃጀት በቀበሌውም በመሥሪያ ቤቱም ስለነበረ፣ ብዙ ሰው ከመማሪያነቱ ይልቅ መቆጣጠሪያነቱን አየ።

ሁለተኛው ዕዳ የቃል ዕዳ ነው። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ «ግምገማ» መጣ። በሁለቱም መድረኮች የሚመዘነው ሥራው ብቻ ሳይሆን ሰውየውም ጭምር ነበር። ይህን በቤቱ ሲሰማ ያደገን ልጅ «የጓደኛህን ጽሑፍ ገምግም» ብንለው ሁለት መንገድ ብቻ ይታየዋል፤ ወይ ማሞገስ፣ ወይ ማዋረድ። ወዳጁን እንዳያስቀይም «አሪፍ ነው» ብሎ ይገላገላል። ጸሐፊው ከዚህ ምን ተማረ? ምንም።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ቅኔ ቤት እንመልከት። በዋድላም ሆነ በዋሸራ ተማሪው አስቀድሞ ገለል ብሎ፣ ብቻውን ቅኔውን ይቆጥራል፤ የሚጀምረውም ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ይነግራል። ጀማሪውን የሚሰሙት የኔታ ብቻ አይደሉም፤ በእርከን የቀደመው አስነጋሪም አለ። ቤቱ ከጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልተስማማ ይነገረዋል፤ ነገ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ረሃብም ቁጣም ነበረበት፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ብቻውን ያልቆጠረ ምን ሊነግር ይችላል?

አሜሪካዊው ፒተር ኤልቦው በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ መምህር አልባ ጽሕፈት ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ ነገር ይጨምራል። አንባቢው ዳኛ አይሁን፤ ሲያነብ በውስጡ የሆነውን ብቻ ይናገር ይላል። የት ሰለቸው? የት ግራ ገባው? ምን ታየው?

ሁለቱን አዋህደን ወደ ኮልፌ ክፍል እንመለስ። እያንዳንዱ ተማሪ የሚያውቀውን፣ እንበል የአጠና ተራን ጠዋት፣ በግማሽ ገጽ ለብቻው ይጻፍ። ቡድኑ ሦስት ሰው ይሁን። ጸሐፊው ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሁለቱ «ምን ታየኝ?» እና «የት ጠፋብኝ?» ለሚሉት ብቻ ይመልሱ። ከዚያ እያንዳንዱ ጽሑፉን እንደገና ይጻፍ፤ ማርኩም ለየራስ ይሁን።

«ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ገደል ይገባሉ» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ተማሪው ሰዋስው ያርም አላልንም። አልገባኝም ለማለት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረቡት መልሶች መምረጥን እንጂ መጻፍን አይጠይቅም፤ ታዲያ ማን ይደክማል? ፈተናው ባይጠይቅም ኑሮው ይጠይቃል። ስማቸው ብቻ ከሰፈረው ከእነዚያ ልጆች አንዳንዱ ነገ አቤቱታውን ከፍሎ ለማጻፍ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ፊት ይቆማል። የገዛ በደሉንም በሌላ ሰው ቃል ይሰማዋል።