አፈርን ለክቶ ማወቅ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ባሉት የጎጃም ደጋማ ቦታዎች ለዘመናት የወረደው ከባድ ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን አጥቦ ስለወሰደ፣ ቀዩ አፈር በብዙ ስፍራ አሲዳማ ሆኗል፤ ይህን በዓይን የማይታይ ጉዳት የሚገልጠው የፒኤች ምርመራ፣ ማለትም የአሲዳማነትን መጠን አንዱ ቁጥር ከሚቀጥለው በአሥር እጥፍ በሚለይበት መስፈርት መለካት፣ ታላቅ አድናቆት ይገባዋል። ከጓሮው ልዩ ልዩ ቦታ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የተወሰደው አፈር ተቀላቅሎ፣ ደርቆና ተነፍቶ፣ 10 ግራሙ በ25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ይበጠበጥና መለኪያው ይነከርበታል። ውጤቱ ከ5.5 ሲያንስ፣ ማለትም አሲዳማነቱ ሲበረታ፣ አሉሚኒየም እየሟሟ የሥርን እድገት ይገታል፤ ፎስፈረስም በአፈሩ ታስሮ ስለሚቀር ለድንቹና ለጎመኑ የተጨመረው ማዳበሪያ በከፊል ይባክናል። በዚያው ብጥብጥ፣ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ዐቅሙ ተለክቶ የሚታወቀው ጨዋማነት ግን፣ ዝናቡ ጨውንም ስለሚያጥብ፣ ከጎጃም ይልቅ የአዋሽ ሸለቆ የመስኖ እርሻዎች ችግር ነው። ከሁሉም በላይ የሚደነቀው ምርመራው ልክን ማሳወቁ ነው፤ የአሲዳማ አፈር መድኃኒት ኖራ ቢሆንም፣ ሳይለኩ የሚበትኑት ኖራ ሲያንስ አያድንም፣ ሲበዛም ተክሉ እንደ ዚንክ ያሉትን ንጥረ ነገሮች እንዳያገኝ ያደርጋል። የደጋው አትክልተኛ ኖራ ከመግዛቱ በፊት አፈሩን ያስመርምር።